ፓንትሪው ትምህርት ቤት ውስጥ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ

ሰሞኑን ስለ ትምህርት ቤት ፉድ ፓንትሪ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ውስጥ ለቤተሰቦች ምግብ በነጻ ስለሚታደልበት ቦታ፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለነውን ወላጆች ብዙ አነጋግሯል። ጸሐፊው በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት። ሐሳባቸው ግን ምግቡ የሚያስፈልገውን ሰው ከደጃፉ ሊመልስ ይችላል። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ትምህርት ቤት ማስተማሪያ እንጂ የምግብ መጋዘን አይደለም። ለችግረኛ ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማና የትምህርት ቤት የነጻ ምሳ አለለት። መኪና እየነዱ የሚመጡ ሰዎች የድሃውን ድርሻ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ የገቢ ማስረጃ ይጠየቅ። እርዳታ ካስፈለገም በቤተክርስቲያን በኩል ይሁን። ምግቡ የእኛ ሰው የማይበላው ነው። ልጆችን ልመና ያስለምዳል። ስም መመዝገቡም የግሪን ካርድ ጉዳይ ያበላሻል። በመጨረሻም ሰመር ሲመጣ ስለሚዘጋ ዘላቂ አይደለም።

እኔ ልጆቼን በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ የማስተምር እናት ነኝ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በልጄ ትምህርት ቤት ፓንትሪ ዕቃ እደረድራለሁ። አማርኛ ለሚናገሩ ወላጆችም አስተረጉማለሁ። የምመልሰው እዚያ ቆሜ ካየሁትና ሕጉ ከሚለው ተነስቼ ነው።

«ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ነው»

ነው። ግን አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ልጆችን መመገብ የጀመረው ትናንት አይደለም። ፕሬዚዳንት ትሩማን የብሔራዊ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ሕጉ ራሱ ዓላማውን ሲገልጽ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና ከተጠሩት ወጣቶች መካከል ልጅ ሳሉ ጠግበው ባለመብላታቸው ብቁ አይደላችሁም ተብለው የተመለሱ ብዙ ነበሩ። ቁርስ ደግሞ በ1966 በሙከራ ተጀምሮ በ1975 ቋሚ ሆነ።

ልጆች ምግብ ወደ ቤት ይዘው እንዲሄዱ የማድረጉ ሐሳብም የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሊትል ሮክ፣ አርካንሳስ ውስጥ አንዲት የትምህርት ቤት ነርስ ሆዴን አመመኝ፣ አዞረኝ የሚሉ ልጆች በዙባቸው። ነገሩን ሲያጣሩት ልጆቹ አልታመሙም። ርቧቸው ነው። በአካባቢው ለነበረ የምግብ እርዳታ ድርጅት ነገሩ። ዓርብ ዓርብ ልጆች በቦርሳቸው ይዘውት የሚሄዱት ምግብ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው ፓንትሪዎች የዚያው ሐሳብ ቀጣይ ናቸው። ችግሩን ያየው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ምክንያቱም ልጁን በሳምንት አምስት ቀን የሚያየው እሱ ነው።

ሌላም ነገር እንቁጠር። ሜሪላንድ ውስጥ የትምህርት ዓመት 180 ቀን ነው። ዓመቱ 365 ቀን አለው። ስለዚህ ልጁ የትምህርት ቤት ምሳ የማያገኝባቸው ቀናት ከሚያገኝባቸው ይበልጣሉ። በነዚያ 180 ቀናትም ቢሆን እራቱን የሚበላው ቤቱ ነው።

አስተማሪዎች ከሥራቸው ይስተጓጎላሉ ለሚለው ግን ብዙ አልልም። እኛ ጋ ምግቡን የሚያመጣው ፉድ ባንክ የሚባለው ምግብ ሰብስቦ የሚያከፋፍል ድርጅት መኪና ነው፤ የሚያወርደውና የሚደረድረው ወላጅ ነው። አስተማሪ መጥቶ ካየሁ ራሱ ሽንኩርት ሊወስድ ነው። እሱም ይውሰድ።

«ፉድ ስታምፕና የነጻ ምሳ አለ»

አለ። ለሁሉም ግን አይደለም። በ2025-26 የትምህርት ዘመን በፌዴራሉ መለኪያ አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ልጁ በነጻ ምሳ እንዲበላ የዓመት ገቢው ከ41,795 ዶላር መብለጥ የለበትም። በቅናሽ ለመብላት ደግሞ ጣሪያው 59,478 ዶላር ነው። ችግረኛ ተማሪ የበዛባቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ልጅ በነጻ ይመግባሉ፤ የቀሩት ግን በዚህ ቁጥር ነው የሚሠሩት። ቁጥሩ ደግሞ ሚሲሲፒ ገጠር ውስጥም እዚሁ ካውንቲያችን ሲልቨር ስፕሪንግም አንድ ነው። የቤት ኪራዩ ግን ለየቅል ነው። አባት ኡበር እየነዳ፣ እናት ሆም ኬር እየሠራች በዓመት 60 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ቤት በወረቀት ላይ «ደህና» ነው። ኪራዩን፣ የመኪና ኢንሹራንሱንና የሕፃን መዋያውን ከፍሎ ሲጨርስ ምን እንደሚተርፈው እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል።

ፉድ ስታምፕማ የወረቀት ጉዳይም አለው። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው አያገኝም። ኬዙ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ደግሞ የእኛ ሰው ነው የሚያውቀው። ጥገኝነት የተፈቀደላቸውና በስደተኝነት ተመዝግበው የገቡት ድሮ ያገኙ ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ እነሱንም አስወጣቸው። ይህ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ወሬ አይደለም። በየቤተክርስቲያናችን፣ በየመስጊዳችን፣ በየሱቃችን የምናገኘው ሰው ጉዳይ ነው።

የሚያገኘውም ቢሆን ሳሙና፣ ዳይፐርና የሴቶች ንጽህና መጠበቂያ በፉድ ስታምፕ መግዛት አይችልም። እኛ መደርደሪያ ላይ ከምግቡ ቀድሞ የሚያልቀው ዳይፐሩ ነው።

በ2025 መገባደጃ የሆነውንም አንርሳ። መንግሥት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ለ43 ቀን ሲዘጋ የኖቬምበር ፉድ ስታምፕ ዘገየ። ያኔ ወደ 42 ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበት ነበር። በዚያ ሰሞን እኛ ፓንትሪ ሩዝና ዘይት ገና በጊዜ ነበር የሚያልቁት። ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው ወላጆች መጡ። የፉድ ስታምፕ ካርዳቸው ሲሞላ ደግሞ ብዙዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ጸሐፊው ፓንትሪና ፉድ ስታምፕ አንዱ ካለ ሌላው አያስፈልግም ይላሉ። ያን ወር ያየ ሰው እንዲህ የሚል አይመስለኝም።

«ካምሪ እየነዱ ይመጣሉ»

አዎ፣ ይመጣሉ። ካምሪዋ ግን ዕዳ አለባት፤ እንጀራውም እሷው ናት። ኡበር የሚሠራ ሰው መኪናውን ሸጦ ሩዝ ቢገዛ በሚቀጥለው ወር ኪራይ የሚከፍልበት የለውም። የሰው ኪስ በመኪናው አይለካም።

የገቢ ማስረጃ ይጠየቅ ለሚለው፣ እስቲ እንዴት እንደሚሆን እናስበው። የሌላ ሰው ልጆች እየጠበቀች በካሽ የሚከፈላት ሴት ፔይ ስታብ፣ ማለትም የደመወዝ ወረቀት፣ የላትም። ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት የማንን ገቢ ነው የምታመጣው? ወረቀቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልጋል፣ የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ለአንድ ከረጢት ምስርና ሽንኩርት ነው። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ምግብ ሲኖር እንኳ በአብዛኛው ሰውየው ገቢዬ ከዚህ በታች ነው ብሎ ይፈርማል እንጂ ማስረጃ አምጣ አይባልም። ያልቸገረው ሰው ዓርብ ማታ በትራፊክ መጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ሦስት ጣሳ ባቄላ ይዞ ይሄዳል ብዬ አላምንም። አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ እንኳ፣ እነሱን ለመያዝ ተብሎ ሃያ ሰው ማሳፈር ተገቢ አይደለም።

«በቤተክርስቲያን በኩል ይሁን»

ከጸሐፊው ጋር ከሁሉ በላይ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ጥሩ ነው። የራሳችን ሰው፣ የራሳችን ቋንቋ፣ የራሳችን ቤት። ለብዙ ሰው ግን ችግሩ ያ የራሳችን መሆኑ ነው።

አንዲት የሁለት ልጆች እናት ሥራዋን አጥታ ነበር። ቤተክርስቲያኗም ምግብ ይሰጣል። ለምን እዚያ አትሄጂም ብዬ ጠየቅኳት። «እህቴ፣ እዚያ እኮ የሚያድለው የልጄ ክርስትና አባት ነው» አለችኝ። ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አልነበረኝም። ይሉኝታ ያለበትን ሕዝብ የማያውቅ ሰው አይደሉም ጸሐፊው። እሁድ አብራ የምታስቀድሰው፣ ሰርግ ላይ አብራ የምትቀመጠው ሰው ፊት ከረጢት ይዛ ልትሰለፍ ነው? አትሰለፍም። ልጆቿን ይዛ ቤቷ ትቀመጣለች።

ትምህርት ቤት ሌላ ነው። ሴትዮዋ እዚያ መሄጃ ምክንያት አላት፤ ልጇን ልታመጣ ነው። በሩ የወላጅ ስብሰባም፣ የቅርጫት ኳስ ጨዋታም የሚገባበት በር ነው። ይዛ የምትወጣው ከረጢት የማንኛውም ግሮሰሪ ከረጢት ነው። ለምን እንደመጣች የሚያውቅ የለም። ገመናዋ እንደተሸፈነ ገብታ ትወጣለች።

ሃይማኖቱም አለ። ሙስሊሙ ወላጅ ቤተክርስቲያን ሄዶ ይሰለፍ? ፕሮቴስታንቱ የኦርቶዶክሱ ደጅ፣ ኦርቶዶክሱ የፕሮቴስታንቱ አዳራሽ ይሂድ? የሚሄድ አለ፣ የማይሄድም አለ። ከሁለቱም ያልሆነም አለ። ትምህርት ቤቱ ግን የሁሉም ነው። መኪና የሌላት ሴት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሩቅ ያለ አዳራሽ ከምትሄድ፣ በእግሯ የምትደርስበት ትምህርት ቤት ይሻላታል። ቋንቋውም ቢሆን አይቸግርም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩት ደብዳቤ በአማርኛም ይመጣል። ቨርጂኒያ ያለው አሌክሳንድሪያም እንደዚያው ነው።

ብቻቸውን የሚመጡ ልጆችም አሉ። አንድ የሃይስኩል ልጅ አለ፤ ከልምምድ በኋላ ይመጣል። የሚወስደው ቱና፣ ራመንና የኦቾሎኒ ቅቤ ነው። የሒሳብ መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ በእጁ ይይዛል፣ ምግቡን ከሥር ይከታል፣ ከላይ ሹራቡን ይጥልበታል። ስሙን አልጠይቀውም። አንድ ቀን «ለታናሽ እህቴ ሲሪያል አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ልጅ በየትኛውም አዳራሽ ሰልፍ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው።

ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም ማኅበሩም ይስጡ። የሚሰጡትን አመሰግናለሁ። ግን አንዱ ስላለ ሌላው ይዘጋ የሚባል ነገር አይደለም።

«ምግቡን የእኛ ሰው አይበላውም»

ጸሐፊው እዚህ ላይ እውነት አላቸው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የተዘጋጀ ከረጢት የሚያድሉ ቦታዎች አሉ። ውስጡ የአሳማ ሥጋ ያለበት ባቄላ፣ ጣፋጭ የበዛበት ሲሪያል፣ ማንም የማያውቀው ሾርባ ይኖራል። እንዲህ ያለ ከረጢት ግማሹ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚገባው።

መፍትሔው ግን ፓንትሪውን መዝጋት አይደለም። ሰው እንዲመርጥ ማድረግ ነው። እኛ ጋ እንደ ሱቅ መደርደሪያ አለ፤ የፈለገውን ያነሳል፣ ያልፈለገውን ይተወዋል። ምስር ክክ ከመጣ አንድ ሰዓት አይቆይም። ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ የቲማቲም ድልህ፣ እነዚህ ይሄዳሉ። በ2025ም በ2026ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበር። ያኔ የእኛ ኦርቶዶክሶች ወተቱንና እንቁላሉን ለሌላው ይተዉታል፤ ምስሩ ግን ለማንም አይበቃም። ቴምር ሲመጣ ሙስሊሞቹ ከመግሪብ በፊት ይደርሱበታል። ይህን ለፉድ ባንኩ ነገርናቸው። በጾም ወራት ጥራጥሬ እንዲጨምሩልን ጠየቅን፤ ሲኖራቸው ይልካሉ። የሚያስፈልገንን ካልነገርናቸው ከየት ያውቁታል? ጸሐፊው ትችታቸውን እዚያ ቢልኩት ይጠቅመን ነበር።

«ቀኑ ያለፈበት ምግብ ይሰጡናል» ስለሚሉትም ላብራራ። አሜሪካ ውስጥ ከሕፃናት ፎርሙላ በቀር ምግብ ላይ ቀን እንዲጻፍ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ጣሳው ላይ ያለው ቀን በአብዛኛው ፋብሪካው «እስከዚህ ድረስ ጣዕሙ ጥሩ ነው» የሚልበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይመርዛል ማለት አይደለም። የዛገ፣ ያበጠ፣ ክፉኛ የተጨረመተ ጣሳ እኛ ራሳችን እንጥላለን። የፎርሙላ ቀን ካለፈማ አንድ ቀንም ቢሆን አይወጣም።

«ልመና ያስለምዳል»

ጸሐፊው እኛ በእድርና በእቁብ ነው የኖርነው ይላሉ። እውነት ነው። እንግዲያው እድር እንዴት እንደሚሠራ እናስታውስ። ሰው ሲሞት እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ሟቹ ባንክ ስንት ነበረው ብሎ አይጠይቅም። እድርተኛው መዋጮ ይከፍላል ይሉኝ ይሆናል። እነዚህም ወላጆች ግብር ይከፍላሉ። ግማሾቹም ዕቃ ሲወርድ ከእኛ ጋር ካርቶን ይሸከማሉ። ዓርብ ጠዋት የሚያወርደው ሰው ከሰዓት ራሱ ከረጢት ይዞ ሲወጣ አያለሁ። በዚህ ልመና የሚባል ነገር የለም።

ቁጥሩም የሚለው ሌላ ነው። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ባወጣው መረጃ መሠረት በቂ ምግብ ለማግኘታቸው እርግጠኛ ያልሆኑ ቤተሰቦች በ2021 ከመቶ 10.2 ነበሩ። በ2023 ከመቶ 13.5 ሆኑ። በዚያ ዓመት በእነዚህ ቤቶች ውስጥ 47.4 ሚሊዮን ሰው ይኖር ነበር፤ 13.8 ሚሊዮኑ ልጆች ነበሩ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የሆነው ይታወቃል። በኮቪድ ጊዜ ከፍ ብሎ የነበረው የልጆች የታክስ ድጎማ ተቋረጠ። በፉድ ስታምፕ ላይ ይጨመር የነበረው በ2023 መጀመሪያ ቆመ። የምግብ ዋጋ ደግሞ ወጣ። የአገር ሕዝብ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

«አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚለውም አሁን አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። የሚያበስሉት መጋቢ እናቶች የሚባሉት ናቸው፤ ብዙዎቹም የአካባቢው እናቶች ናቸው። ርቧቸው ክፍል ውስጥ ይወድቁ የነበሩ ልጆች ዛሬ በልተው ይማራሉ። ያን ሲሰሙ ለማኝ ሆኑ ያለ ሰው አላጋጠመኝም፤ ደስ ያለው ነው የበዛው።

«ግሪን ካርዳችሁን ያበላሻል»

ይህ ሰው ስለሚያስፈራራ ግልጽ ልናገር። ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው የመንግሥት ሸክም ይሆናል ወይ ተብሎ የሚመዘንበት ፐብሊክ ቻርጅ የሚባል ደንብ አለ። በጣም ጥብቅ የነበረውና ኋላ የተሻረው የ2019 ደንብ እንኳ ፉድ ስታምፕን ቆጠረ እንጂ የትምህርት ቤት ምግብንና የፉድ ባንክ እርዳታን አልቆጠረም። እኛ ጋ የሚጠየቀው የቤተሰብ ብዛትና ዚፕ ኮድ ብቻ ነው። ፓስፖርት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የኢሚግሬሽን ኬዝ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። የተለየ ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃውን ይጠይቅ። ግን ማንም ሰው በዚህ ወሬ ፈርቶ የልጁን ምግብ እንዳይተው።

«ሰመር ሲመጣ ይዘጋል»

ትክክል። ከጽሑፉ ሁሉ አጥብቄ የምስማማበት ይህ ነው። ትምህርት በጁን ሲዘጋ ምሳውም ፓንትሪውም አብረው ይቆማሉ። በ2024 የተጀመረው የሰመር ድጎማ ለአንድ ልጅ 120 ዶላር ይሰጣል፤ ያ ለሦስት ወር ነው። በቀን ሲካፈል አንድ ዶላር ከምናምን ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ይዘጋ የሚሉትን እኔ በሰመርም ይከፈት እላለሁ። ጁላይ ላይ የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ለሰመር ስኩል ክፍት ነው። ፍሪጁ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል። የጎደለው ዓርብ ዓርብ ሁለት ሰዓት የሚቆሙ አራት አምስት ወላጆችና የርእሰ መምህሩ ፈቃድ ነው። የእኛ ወላጆች ማኅበር ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቷል። ስም የሚሰጥ በጎ ፈቃደኛም እየሰበሰብን ነው። ጸሐፊው በዚያው ካውንቲ የሚኖሩ ከሆነ ዓርብ ከሰዓት ይምጡ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ቦታ አለ።